ልጆች ስለዳኑ ነው ወይ የቸገረን?

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ሕጻናት ረሃብ ነው። የላከችልኝ የሥራ ባልደረባዬ «አንብቢውና ተናደጂ» ብላ ነው። አነበብኩት፣ ተናደድኩም። ንዴት ግን መልስ ስላልሆነ ትንሽ ረጋ ብዬ ልጻፍ። ነርስ ነኝ። ጎንደር ከተማም፣ ደምቢያም ሕጻናት ክፍል ሠርቻለሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ክትባትና ጤና ኬላ በየቀበሌው ገባ፣ ሕጻናት መሞት ቀነሱ። ሕጻናት ስላልሞቱ ሕዝብ በዛ። ሕዝብ ስለበዛ መሬት ጠበበ፣ ምግብ አነሰ፣ ልጆች ቀነጨሩ (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ሆነ)። ትንሽ ወረድ ብለው ደግሞ የመቀንጨር ቁጥሩ የተጋነነ ነው ይላሉ። አማራ እህል አምራች ነው፣ ልጆቻችን ቢያጥሩም በዘራቸው ነው ባይ ናቸው። (ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አልገባኝም። ወይ ቀንጭረዋል፣ ወይ አልቀነጨሩም።) ከዚያ ጥፋቱን ለእናቶች አለማወቅና ለጾም ያሸክማሉ። መፍትሔያቸው፦ ከ3 ልጅ በላይ የወለደ ቤተሰብ የመንግሥት አገልግሎት ይቀነስበት።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የሕጻናት ሞት መቀነሱ እውነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕጻናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ቁጥሩ 67 ሆነ። በ2011 ወደ 59 ወረደ። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን ወሊዱ ባለበት ቆሞ ሞት ብቻ የቀነሰ አድርገው ነው የሚሄዱት። ወሊዱ አልቆመም። በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው በ1992 5.9 ልጅ ነበር። በ2008 3.7 ሆኗል። በ16 ዓመት ከ2 ልጅ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያው በ2008 ካገቡት የክልሉ ሴቶች 47 በመቶዎቹ ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። የሀገሪቱ አማካይ 35 በመቶ ነበር። በ1992 ደግሞ በሀገር ደረጃ 6 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ሳይቀጣ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው መጥተው የ3 ወር መርፌውን፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ የጠየቁት።

ለምን ጠየቁ? ልጃቸው እንደሚያድግላቸው ማመን ስለጀመሩ ነው። አሮጊቶቻችንን «ስንት ወለዱ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቁጥር አይነግሯችሁም። የወለዱትንና ያሳደጉትን ለይተው ነው የሚመልሱት። ይህን ያህል ወለድኩ፣ ይህን ያህል ቀበርኩ፣ ይህን ያህሉ ቀሩልኝ። 3 እንዲቀሩላት የፈለገች እናት 6 ትወልድ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባልም ከዚያ ዘመን ጋር ይሄዳል። የትኛው እንደሚተርፍ አይታወቅማ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የሰውነት ሥራ ነው። ጡት የምታጠባ እናት ቶሎ አታረግዝም። የወር አበባዋ ካልመጣ፣ ልጁ 6 ወር ካልሞላውና ያለ ምንም ጭማሪ ቀን ከሌሊት እያጠባች ከሆነ፣ ማጥባቱ ብቻውን 98 በመቶ ይከላከላል። ሕጻኑ ሲሞት ጡቱ ይቆማል። በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና ታረግዛለች። ሐዘኗ ሳይወጣላት፣ ደሟ ሳይተካ። ስለዚህ የሕጻን ሞት ወሊድን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጸሐፊው ነገሩን የያዙት በጅራቱ በኩል ነው።

«ታዲያ ሕዝቡ ለምን አሁንም ይበዛል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1980ዎቹ፣ ወሊድ ብዙ በነበረበት ጊዜ፣ የተወለዱት ልጃገረዶች ዛሬ እናቶች ናቸው። ቁጥራቸው ብዙ ነው። እያንዳንዷ 2 ብቻ ብትወልድ እንኳ ሕዝቡ ለተወሰኑ አሥርት ዓመታት ማደጉን ይቀጥላል። ይህን የሚያመጣው ትናንት የተሰጠ ክትባት አይደለም። ዛሬ ክትባት ብናቆምም አይጠፋም፤ መቃብር ብቻ ነው የሚበዛው።

ደግሞስ ሕዝብ ሲያንስ ረሃብ ይጠፋል ያለው ማነው? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሆነውን ክፉ ቀን አስቡት። ያኔ የሀገሩ ሕዝብ የዛሬው ጥቂት እጅ ነበር። መሬት ሞልቶ ተርፎ ነበር። የከብት በሽታው በሬውን ጨረሰው፣ የሚያርስ ጠፋ፣ ሰው አለቀ። በ1977ም የሀገሪቱ ሕዝብ 40 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። ሕጻን የሚሞተው ግን ከያኔው ያነሰ ነው።

ይህን ክርክር ከጎንደር ሰው መስማት በተለይ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን ወባ ገብቶባት ወደ 7,000 ሰው ጨርሷል። በዓመቱ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ሲጀመር፣ ያ ሁሉ ሰው ለምን ዳነ የሚል አልነበረም።

ስለ ዘር የተባለውን ቶሎ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የምንጠቀምበትን የዕድገት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያወጣ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ሕጻናትን ለክቶ ነው። በደንብ የጠቡ፣ በደንብ የበሉ፣ ንጹሕ ቤት ያደጉ ልጆች እስከ 5 ዓመታቸው ድረስ የትም ይወለዱ የትም ቁመታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በዚያ መለኪያ ጤናማ ሕዝብ ውስጥ «ቀንጭሯል» ከሚባለው መስመር በታች የሚወድቁት ከ100 ሕጻናት 2 ወይም 3 ቢሆኑ ነው። በአማራ ክልል በ2008 የወደቁት 46 ናቸው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ 15 ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ስንቱ ነው አያቱ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የሄዱት? መኪና ተሳፍሮ መሄድ ዘር ይቀይራል እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው የመቀንጨር ምክንያቱ የልጆች ብዛት ነው ይላሉ። እንደዚያ ቢሆን ብዙ የሚወለድበት ክልል ብዙ የሚቀነጭርበት መሆን ነበረበት። በ2008ቱ ዳሰሳ ሶማሌ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 7.2 ትወልዳለች። የቀነጨሩት 27 በመቶ ናቸው። የኛ ክልል 3.7 ይወለድበታል፤ የቀነጨሩት 46 በመቶ። ከሁሉም ክልል አንደኛ ነን፣ ለዚያውም በመጥፎ። (ሶማሌ ክልል የተሻለ ሕይወት አለ እያልኩ አይደለም። ድርቅ ሲመጣ እዚያ ያሉ ልጆች በድንገት ክፉኛ ይከሳሉ፤ እሱም ይገድላል። ነገር ግን በደህናው ቀን ወተት አለ።)

እህል አምራች ነን የሚለውም መልሱ እዚሁ ነው። አዎ ነን። ደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ ፎገራ ሩዝ፣ መተማ ሰሊጥ። ጣና ከነዓሣው ጎርጎራ ድረስ ወጥቶ ይጠብቀናል። ግን ጎተራ መሙላትና ሕጻን መመገብ ለየቅል ናቸው። በ2008 በሀገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕጻናት በዓይነትም በቀን በሚበሉበት ጊዜ ብዛትም የሚበቃውን አነስተኛ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንጀራ በሽሮ አለ። ነገም እንጀራ በሽሮ አለ። ሆድ ይሞላል፣ አጥንት አያረዝምም።

ክሊኒክ ውስጥ በብዛት የማየው ይሄንን ነው። እናት ልጇን አጥሚት አቅጥና በጡጦ ትሰጣለች። ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል። የጠገበው ግን ውሃ ነው። የሕጻን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ከሞላ ለምግብ ቦታ የለውም። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም መሆን አለበት። ቅቤ ወይ ዘይት ጠብ ቢልበት፣ ምጥን ዱቄት ቢሆን፣ ዱባ ወይ ጎመን ተፈጭቶ ቢገባበት፣ እንቁላል ቢጨመር ያኔ ምግብ ሆነ። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 3 ወይ 4 ጊዜ፣ በመሃል መክሰስ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ማናት? ጎሕ ሳይቀድ ውሃ የቀዳች፣ እንጨት የለቀመች፣ አረም ያረመች፣ እንጀራ የጋገረች ያችው እናት ናት።

እንቁላሉስ? ቤት አለ። ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ግን እንቁላሉ ለገበያ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የትልቁ ልጅ ደብተር ይገዛበታል። ሕጻኑ ደግሞ እዚያው ግቢ እየዳኸ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል። ዶሮዋ እንቁላሏን ለገበያ፣ ኩሷን ለሕጻኑ። ተቅማጥ አንዴ፣ ተቅማጥ ሁለቴ፣ ወስፋት። አንጀቱ ከቆሰለ የበላውም ለሰውነቱ አይደርስለትም። ለተቅማጡ ኦአርኤስና ዚንክ አለን። ግን ነገም ከዚያው ግቢ ይድሃል።

ከተማው የተሻለ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትሸወዱ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። የመገጭን ግድብ ስንጠብቅ ስንት ዓመት ሆነን። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ጀሪካን ከሆነ እጅ መታጠብ መጨረሻ የሚታሰብ ነገር ነው። «እጅሽን ታጠቢ» ብዬ ስመክር አንዳንዷ እናት ፈገግ ትላለች። ፈገግታው ይገባኛል።

እናትየው ራሷስ ስንት ዓመቷ ነው? በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በ2008 ዳሰሳ ግን በአማራ ክልል ግማሾቹ ሴቶች 16 ዓመት ገደማ ሳሉ አግብተዋል። ራሷ አድጋ ያልጨረሰች ልጅ ከሆዷ ልጅ ጋር ምግብ ትሻማለች። ሕጻኑ ሲወለድ ጀምሮ ትንሽ ነው። ጸሐፊው ሕዝብ በዛ ሲሉ ይህችን ልጅ አንድም ቦታ አላነሷትም። ትምህርት ቤት ብትቆይ ዘግይታ ትወልድ ነበር፣ ያነሰ ትወልድ ነበር፣ የተሻለም ታሳድግ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነበር።

እውነት ያላቸው ቦታም አለ፣ አልክድም። አከታትሎ መውለድ ይጎዳል። ታላቁ ገና ሳይጠነክር ታናሹ ከመጣ ታላቁ ጡት ይነጠቃል፣ ታናሹም ከደከመ ሰውነት ይወለዳል። መሬትም ጠቧል። አባትየው ለ4 ወንዶች ልጆች የሚያካፍለው ማሳ ቀድሞውንም ከሄክታር በታች ነው። ቢያንስ 2 ዓመት ከዚያም በላይ አራርቆ ማርገዝ ለሁሉም ይበጃል። ግን ይህንን ምክር የምትሰጠውና ክትባቱን የምትሰጠው አንዲት ሴት ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው 2 ሆነው ሲመደቡ ቤተሰብ ምጣኔውም ክትባቱም ምግቡም መጸዳጃ ቤቱም የነሱ ሥራ ሆኗል። ጸሐፊው ከክትባት በጀት ቆርጠን ለወሊድ መከላከያ እናውለው ሲሉ፣ ያቺው ሴትዮ ከቀኝ ኪሷ ወስዳ ወደ ግራዋ እንድትከት ነው የሚጠይቁት። እናት ጤና ኬላ የምትመጣው ልጇን ልታስከትብ ነው። መርፌውንም እግረ መንገዷን ነው የምትጠይቀው።

ጾሙ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቀበለው ነጥብ ይሄ ስለሆነ። ጸሐፊው ጾም ልጆቻችንን አስራበ ብለው ቤተ ክርስቲያንን ይከስሳሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕጻን ይጹም አላለችም። ችግሩ ያለው ድስቱ ላይ ነው። በጾም ወራት እናት እንቁላልና ወተት ቤት ውስጥ አታነሳም፤ ዕቃው ይነካብኛል ትላለች። የፍስኩ ቢላ የጾሙን ሽንኩርት ሊነካ ነው። ስለዚህ ሕጻኑ ሳይታዘዝ ይጾማል። የጾም ቀኖቻችን በዓመት ከ180 በላይ ናቸው። 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከዕድሜው ግማሹን እንዲህ ካሳለፈ ብዙ ነው።

መፍትሔው ግን ቅርብ ነው፣ አይቼዋለሁ። ለሕጻኑ ለብቻው አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። እንቁላል ደግሞ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ምን ይነካል? ይህን እኔ ስናገርና የንስሐ አባት ሲናገሩት አንድ አይደለም። እኔ ስናገር እናቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እቤት ሄደው ያንኑ ያደርጋሉ። ቄሱ «የሕጻኑ ድስት ይለይ፣ ልጁን መግቢ» ካሉ አለቀ፣ ድስቱ ይገዛል። ጸሐፊው የሚከሷት ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ የምትጠቅም ናት።

ስለ እናቶች አለማወቅ የተጻፈውን አንቀጽ መመለስ አልፈልግም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንገር መድፋት፣ ለአራስ ሕጻን ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ ነበረ፣ አሁንም ያለበት ቦታ አለ። ነገር ግን በሀገር ደረጃ የቀነጨሩት ሕጻናት በ1992 58 በመቶ ነበሩ፣ በ2011 37 ሆነዋል። ይህን ያወረዱት እነዚሁ አያውቁም የተባሉት እናቶች ናቸው። በ2007 በሰቆጣ ቃል ኪዳን መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕጻናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባም የተማመነው በነሱ ነው። ከ2011 በኋላ የመጣው ጦርነትና ግጭት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የለም። መንገድ ሲዘጋ ክትባትም ፕላምፒኔትም (ክፉኛ ለከሱ ሕጻናት የሚሰጠው ምግብ) መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚያም እናቶቹ ሊጠየቁ ነው?

ቅጣቱን በተመለከተ። ሌሎች ሞክረውታል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 ሰውን በግድ አመከነች፤ ሕዝቡ ቤተሰብ ምጣኔ የሚባለውን ነገር ሁሉ ጠልቶ ቀረ። ቻይና የአንድ ልጅ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2016 ራሷ ሻረችው። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአማካይ ከ6 በላይ ይወለድባት ነበር፤ ቤት ለቤት በሚዞሩ ሴት ሠራተኞች አማካኝነት ዛሬ ወደ 2 ገደማ ደርሳለች። አዲስ አበባም በ2008 1.8 ነበረች፤ የተቀጣ ሰው የለም። የ1985ቱ የሀገራችን የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ከ7.7 ወደ 4 ለመውረድ ሲያቅድም መንገዱ ትምህርትና አገልግሎት ነበር።

ቅጣቱ ቢወጣስ በተግባር እንዴት ይሠራል? አራተኛዋ ልጅ ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሯ መጣች እንበል። እኔ ካርዷን አይቼ «አንቺ አራተኛ ነሽ» ብዬ ልመልሳት ነው? ኩፍኙ ሲይዛት አንደኛውንና ሁለተኛውን ልጅም ይዛ ነው የምትታመመው። የጎረቤቱንም ጭምር። ምናልባት የጸሐፊውን የልጅ ልጅ።

በመጨረሻ ጸሐፊው የጎንደር ከተማን ሕዝብ ብዛት እስከ መጨረሻው አሐዝ ጽፈው «ፈነዳን» ብለዋል። ያን ቁጥር ከየት እንዳመጡት አልጻፉም። በዚህች ሀገር የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጎንደር ከተማ 207,044 ሰው ነበረባት። ቀጣዩ ቆጠራ እየተባለ እየተባለ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ስንት ሕጻን ክትባት እንደሚያስፈልገው እኛም በዚያው ግምት ነው የምናቅደው፤ አንዳንዴ ይተርፈናል፣ አንዳንዴ ያልቅብናል። ጸሐፊው ቀጣይ ጽሑፋቸውን «ቆጠራው ይካሄድ» ብለው ቢጽፉ እኔም አብሬ እፈርማለሁ።